ጤና አዳም ባክቴሪያ ይገድላል? በጎንደር ትምህርት ቤት ላቦራቶሪ የሚሠራ ሙከራ

የሳይንስ ክበብ ይህን ሙከራ ሲሠራ አብዛኛው ጉልበት የሚያልቀው ቅጠል በመልቀምና በመውቀጥ ነው። በመጨረሻው ቀን ሳህኑ ላይ ጥርት ያለ ቀለበት ሲታይ ይጨበጨባል፤ «ጤና አዳም ባክቴሪያ ገደለ» ተብሎ ሪፖርት ይጻፋል። ብዙ ጊዜ ግን ገዳዩ ጤና አዳሙ ሳይሆን ጭማቂው የወጣበት፣ ወረቀቱ ላይ ሳይደርቅ የቀረ አልኮል ነው። ስለዚህ ይህ መመሪያ ከቅጠሉ ይልቅ ከቅጠሉ ጎን ለሚቀመጠው፣ ጭማቂ ሳይሆን አልኮል ብቻ ለጠጣው ባዶ ክብ ወረቀት ያደላል። እሱ ከሌለ የቀረው ሁሉ ከንቱ ድካም ነው።

አሠራሩ አጭር ነው። ባክቴሪያ በአጋር (እንደ ጄሊ በሚረጋ ምግቡ) ላይ እንደ ሣር ጥቅጥቅ ብሎ እንዲበቅል ይዘራል። የዕፅዋት ጭማቂ የጠጣ፣ 6 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ወረቀት ከላዩ ይቀመጣል። ጭማቂው ወደ አጋሩ ሲሰርግ ባክቴሪያው ማደግ ባቃተው ቦታ ባዶ ቀለበት ይቀራል፤ ዲያሜትሩ በማስመሪያ ይለካል። የሆስፒታል ላቦራቶሪዎችም ጀርሙ የሚበገርለትን መድኃኒት የሚለዩት በዚሁ ዘዴ ነው።

ምን ይፈተሽ?

አራት ዕፅዋት ይበቃሉ። ጥያቄውን ከቤት ልማድ አውጡት። ግራዋ የጠላ ጋን ይታጠብበታል፤ ማጠቡ በመፋቁ ብቻ ነው ወይስ ቅጠሉ ራሱ ባክቴሪያ ያቆማል? ዳማከሴ ለምች ይታሻል። ጤና አዳም ቡና ላይ ጣል ይደረጋል። ነጭ ሽንኩርት ለጉንፋን ከማር ጋር ይበላል። እነዚህን አራቱን ከጓሮ ወይም ከቅዳሜ ገበያ ማግኘት አያስቸግርም። ከደባርቅና ከስሜን ደጋ የሚመጣ ጦስኝ ካገኛችሁ ከአራቱ አንዱን ለውጡበት፤ ባሕር ዛፍና ዝንጅብልም ይሆናሉ።

ከገበያ የተገዛ ቅጠል ምን እንደሆነ በሻጯ ቃል ብቻ አትመኑ። ዳማከሴና በሶብላ የአንድ ወገን ዕፅዋት ናቸው፤ በመዓዛም በቅጠልም በቀላሉ ይምታታሉ። ከእያንዳንዱ ተክል አንድ ቅርንጫፍ በጋዜጣ መሐል ጠፍጥፋችሁ አድርቁ፤ የተለቀመበትን ቀንና ቦታ ጻፉበት። የባዮሎጂ መምህሩ የሚያረጋግጠው እሱን አይቶ ነው።

ሎሚን ብትተዉት ይሻላል። ቀለበት እንደሚሰጥ የታወቀ ነው፤ ምክንያቱ ግን አሲዱ ነው። ሎሚ ካልተሞከረ የሚል ተማሪ ካለ ግማሹን ጭማቂ በቤኪንግ ሶዳ ፒኤች 7 እስኪደርስ ድረስ አለዝቡና ከጥሬው ጎን ይቀመጥ። ቀለበቱ ከጠፋ ሥራውን ይሠራ የነበረው አሲዱ እንደነበር ያኔ ራሱ ያየዋል።

እንዶድም ብዙ ጊዜ ይነሳል። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶ/ር አክሊሉ ለማ አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን ያስተዋሉበት ታሪክ ለተማሪ ጥሩ ትምህርት ነው። ቀንድ አውጣ የገደለ ሁሉ ግን ባክቴሪያ ይገድላል ማለት አይደለም። እንዶድ ዓሣንም ስለሚገድል ትርፉ ወደ ቀሃም ሆነ ወደ አንገረብ በሚወርድ ቦይ አይደፋም።

የትኛው ባክቴሪያ?

እዚህ ላይ ድርድር የለም። ከጉሮሮ፣ ከቁስል፣ ከእጅ፣ ከሽንት ቤት ወይም ከወንዝ ውሃ የተወሰደ ባክቴሪያ በትምህርት ቤት አይባዛም። አንድ ጀርም በሳህን ላይ ሲባዛ በመቶ ሚሊዮኖች ይሆናል፤ ከመካከሉ በሽታ አምጪ ቢኖር የምታውቁበት መንገድ የላችሁም። ሆስፒታሎች ለማነጻጸሪያ የሚጠቀሙበት ስታፊሎኮከስ አውረስም «የታወቀ ዘር ነው» ተብሎ ወደ ክፍል አይገባም።

ለትምህርት ቤት የሚሆኑት ባሲለስ ሰብቲሊስና ማይክሮኮከስ ሉቴየስ ናቸው። ማይክሮኮከሱ ቢጫ ስለሆነ ቀለበቱ ከሩቅ ይታያል። ኢ. ኮላይ ኬ-12 የሚባለው ለላቦራቶሪ የለሰለሰ ዘር ከተገኘ ለንጽጽር ጥሩ ነው፤ ከግድግዳው ውጪ ተጨማሪ ሽፋን ስላለው ብዙ የዕፅዋት ጭማቂ አይበግረውም። ተማሪዎች «ሙከራው አልሠራም» የሚሉት አንዳንዴ ይህን ሲያዩ ነው፤ ሙከራው ግን በትክክል ሠርቷል።

ዘሩ የሚገኘው የማይክሮባዮሎጂ ላቦራቶሪ ካለው ተቋም ነው። ጎንደር ላይ እ.ኤ.አ. በ1954 በሕዝብ ጤና ኮሌጅነት የተጀመረው ዩኒቨርሲቲ ስላለ የትምህርት ቤቱን ደብዳቤ ይዞ መጠየቅ ይቻላል። ደብዳቤው ላይ የባክቴሪያውን ስም ለይታችሁ ጻፉ፤ «ባክቴሪያ እንዲሰጠን» ብቻ የሚል ደብዳቤ ሰጪውን ያስፈራዋል።

ዘር እስኪገኝ በዳቦ እርሾ መለማመድ ይቻላል። እርሾ ፈንገስ ስለሆነ ሪፖርቱ «ፀረ-ባክቴሪያ» አይልም። የባክቴሪያ መድኃኒት እርሾን አይነካምና ኋላ የሚነሣው የጄንታማይሲን (የባክቴሪያ መድኃኒት) ወረቀት ቀለበት ባያሳይ አትደንግጡ፤ ለማነጻጸሪያ በውሃ አሥር እጅ የቀጠነ በረኪና ይቀመጣል።

አጋሩና የጎንደር ከፍታ

ለአራት ዕፅዋት፣ እያንዳንዱ ሦስት ጊዜ ተደግሞ፣ 12 ሳህን ያስፈልጋል። ሁለት ጨምሩ፦ አንዱ ምንም ያልተዘራበት፣ ሌላው ባክቴሪያ ብቻ የተዘራበት። 90 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ፔትሪ ዲሽ 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት እንዲኖረው 25 ሚሊ ሊትር ይይዛል። 14 ሳህን 350 ሚሊ ሊትር ነው፤ 400 አዘጋጁ። የኑትሪየንት አጋር ዱቄት በሊትር 28 ግራም ስለሚገባ በሁለት የ500 ሚሊ ሊትር ፍላስክ እያንዳንዱ ላይ 200 ሚሊ ሊትር ውሃና 5.6 ግራም ዱቄት ይጨመራል። ሙለር ሂንተን አጋር ካላችሁ ይበልጣል፤ እሱ በሊትር 38 ግራም ነው። ከብልቃጡ ላይ ያለው መጠን ከዚህ ከተለየ ብልቃጡን ተከተሉ።

የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ስላለው የተጣራ ውሃ ይሻላል። ጋራዥ የሚሸጠው የባትሪ ውሃ ይሆናል፤ አሲድ ያልተቀላቀለበት መሆኑን ግን በፒኤች ወረቀት አረጋግጡ። አጋር በጄላቲን አይተካም፤ ጄላቲን ማሞቂያ ሣጥን ውስጥ ይቀልጣል፣ ባሲለስም ይበላዋል።

አሁን ወደ ከፍታው እንምጣ። ጎንደር ከባሕር ጠለል ከ2,100 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ93 ዲግሪ አካባቢ ነው። አጋሩ ይቀልጣል፤ ግን ይዘገያል። ፈላ ብላችሁ ወዲያው አታውጡት። ፍላስኩን ወደ ብርሃን አንሥታችሁ ስታዘነብሉት ግድግዳው ላይ እንደ ዓሣ ዓይን ያሉ ፍንጥርጣሪዎች ከታዩ ገና ነው።

የከፋው ችግር ማምከኑ ላይ፣ ማለትም በፕሬዠር ኩከር ጀርሙን ሁሉ መግደሉ ላይ ነው። መጽሐፍ ሁሉ «121 ዲግሪ፣ 15 ደቂቃ» ይላል። በ1 ባር ግፊት 121 የሚደርሰው ግን ባሕር ጠለል ላይ ላለ ሰው ነው። ኩከሩ የሚጨምረው ግፊት ከውጪው አየር በላይ ያለውን ነው፤ እዚህ ደግሞ የውጪው አየር ራሱ ቀላል ነው። ስለዚህ 1 ባር የሚይዝ ፕሬዠር ኩከር ጎንደር ላይ የሚደርሰው 117 ዲግሪ አካባቢ ነው። አራት ዲግሪ ትንሽ ቢመስልም የባክቴሪያ ስፖርን (ሙቀት የሚቋቋም የተኛ ቅርጹን) ለመግደል የሚፈጀውን ጊዜ ወደ ሁለት እጥፍ ተኩል ያደርሰዋል። በመሆኑም 15 ደቂቃው 40 ደቂቃ ይሁን። የቤት ኩከር ብዙ ጊዜ ከ1 ባር በታች ነው፤ እንዲያ ከሆነ አንድ ሰዓት ተኩል ያዙ፤ ውሃው እንዳያልቅ በቂ ጨምሩ። ክብደቱን ከመጫናችሁ በፊት እንፋሎቱ 10 ደቂቃ በነፃ ይውጣ፤ አየር ውስጥ ከቀረ ግፊቱ ይደርሳል፣ ሙቀቱ ግን አይደርስም። ከእሳት ካወረዳችሁ በኋላ ግፊቱ በራሱ እስኪወርድ አትክፈቱ፤ ቶሎ የተከፈተ ኩከር አጋሩን ከፍላስኩ ያስወጣዋል፣ ሰውንም ያቃጥላል።

ፍላስኩ ለእጅ የሚቻል ሲሆን፣ ማለትም ከ45 እስከ 50 ዲግሪ አካባቢ፣ በቡታጋዝ ነበልባል አጠገብ ይቀዳል። ሙቅ እያለ ከተቀዳ ክዳኑ ላይ ላብ ይሠራል፤ ጠብታው ሲወርድ የተዘራውን ያጥበዋል። ከ40 በታች ከሆነ ደግሞ ጓጉሎ ይቀራል። ጠረጴዛው ልክ መሆኑን ውሃ ያለበት ሳህን አስቀምጣችሁ እዩ። ያዘነበለ ጠረጴዛ ላይ የረጋ አጋር አንድ ወገኑ ወፍራም ስለሚሆን ቀለበቱ ክብ መሆኑ ቀርቶ እንቁላል ይመስላል። መስኮት ዝጉ፤ በጋ ላይ አቧራ ይዞ የሚገባው ነፋስ ከማንም በላይ ሳህን ያበላሻል።

ጭማቂ ማውጣት

ቅጠሉን በንጹሕ ውሃ አጥባችሁ በጥላ አድርቁ። ፀሐይ ላይ የደረቀ ቅጠል መዓዛው ይተናል፤ መዓዛው ደግሞ ብዙ ጊዜ የምትፈልጉት ነገር ነው። ከጥቅምት በኋላ ከሳምንት እስከ አሥር ቀን ይበቃዋል። ክረምት ላይ ግን ከመድረቁ በፊት ይሻግታል፤ ስለዚህ ሙከራውን ለመጀመሪያው ወሰነ ትምህርት ያዙት። በእጅ ሲጨመቅ ተንኮሻኩሾ ከተሰበረ ደርቋል። በሙቀጫ ውቀጡና በወንፊት ንፉ። ሙቀጫው በርበሬ ወይም ነጭ ሽንኩርት የተወቀጠበት ከሆነ ሌላ ፈልጉ። ጤና አዳም የምትነኩ ጓንት አድርጉ፤ ጭማቂው ያለበት ቆዳ ፀሐይ ሲያገኘው ውኃ ቋጥሮ ይቃጠላል።

20 ግራም ዱቄት በ200 ሚሊ ሊትር 70 በመቶ አልኮል ውስጥ ይገባል። ፋርማሲ ያገኛችሁት 96 በመቶ ከሆነ 73 ሚሊ ሊትሩን በተጣራ ውሃ 100 ሙሉት። «አረቄ ይሆናል?» የሚል አይጠፋም። አይሆንም፤ ዳግም አረቄ እንኳ ከሚያስፈልገው በታች ነው፣ መጠኑም ከቤት ቤት ይለያያል። ጠርሙሱን ከድናችሁ በጨለማ ቦታ 72 ሰዓት አቆዩት፤ በቀን ሦስት ጊዜ ነቅንቁት። መጀመሪያ በንጹሕ ሻሽ፣ ቀጥሎ በማጣሪያ ወረቀት አጣሩ።

የተጣራውን አስቀድማችሁ በመዘናችሁት ሰፊ የሸክላ ወይም የመስታወት ሳህን ላይ አፍሱና ከ40 እስከ 50 ዲግሪ ባለው ሙቅ ውሃ ላይ አስቀምጡት። መስኮት ክፈቱ። በክፍሉ ውስጥ አንድም ነበልባል አይኑር፤ አልኮሉ በጠረጴዛው ላይ ተንኖ ሲሄድ አይታይም፣ ኩራዝ ሲያገኝ ግን ይነዳል። ሙቅ ውሃው ከሌላ ክፍል በፔርሙስ ይምጣ። ሁለት ቀን ሊፈጅ ይችላል። መጨረሻ ላይ እንደ ሬንጅ የሚያጣብቅ ዝቃጭ ይቀራል፤ ከ20 ግራም ዱቄት ብዙ ጊዜ ከ1 እስከ 3 ግራም ይገኛል። ሳህኑን መልሳችሁ መዝኑና ልዩነቱን ጻፉ። በየ1 ግራሙ 10 ሚሊ ሊትር 70 በመቶ አልኮል ስትጨምሩ በሚሊ ሊትር 100 ሚሊ ግራም ይሆናል። ከዚህ 2 ሚሊ ሊትር ወስዳችሁ 2 ሚሊ ሊትር አልኮል ስትጨምሩ 50፣ ያንኑ ስትደግሙ 25። ማቅጠኛው ሁልጊዜ ያው 70 በመቶ አልኮል ይሁን። አንዱን በውሃ፣ ሌላውን በአልኮል ያቀጠነ ቡድን ውጤቱን ማወዳደር አይችልም።

ነጭ ሽንኩርት በዚህ መንገድ አይሄድም። ባክቴሪያ የሚያቆመው አሊሲን ራሱ ሽንኩርቱ ውስጥ ተቀምጦ አይጠብቅም፤ ሽንኩርቱ ሲደቆስ አንድ ኤንዛይም ነው የሚሠራው። ኤንዛይሙ በሙቀት ይሞታል፣ አልኮልም ያዳክመዋል። ያልተደቆሰ ፍንካች አልኮል ውስጥ የከተተ ወይም መጀመሪያ የቀቀለ ሰው ሽታ እንጂ ቀለበት አያገኝም። ስለዚህ 10 ግራም የተላጠ ነጭ ሽንኩርት ደቁሱ፣ 10 ደቂቃ ይቆይ፣ 10 ሚሊ ሊትር የተጣራ ቀዝቃዛ ውሃ ጨምሩ፣ አጣሩ፣ በዚያው ሰዓት ተጠቀሙ። በሚቀጥለው ቀን ኃይሉ ይቀንሳል። ሳህኑም ለብቻው ይሁን፤ ትነቱ ከክዳኑ ሥር ተሰራጭቶ የጎረቤቱን ወረቀት ቀለበት ያሰፋዋል። የነጭ ሽንኩርቱ ባዶ ወረቀትም አልኮል ሳይሆን ውሃ የጠጣ ነው።

ክብ ወረቀቶቹ

ቢሮ ያለው የወረቀት መብሻ 6 ሚሊ ሜትር አካባቢ ይቆርጣል፤ ለክታችሁ አረጋግጡ። የምትቆርጡት ማጣሪያ ወረቀት እንጂ የደብተር ወረቀት አይደለም፤ የደብተሩ አይመጥም። የተቆረጡትን በፎይል ጠቅልላችሁ ከአጋሩ ጋር ኩከር ውስጥ አምክኑ፤ ከዚያ በጥቅላቸው አድርቁ።

ማይክሮፒፔት ከሌለ የኢንሱሊን መርፌ ያገለግላል። 100 መስመር ያለው ባለ 1 ሚሊ ሊትር ሲሆን አንዱ መስመር 10 ማይክሮ ሊትር ነው። 40 መስመር ያለውም ስላለ ጎኑ ላይ የተጻፈውን አንብቡ፤ የእሱ አንድ መስመር 25 ማይክሮ ሊትር ነው። አንድ ወረቀት የሚችለው 20 ማይክሮ ሊትር፣ ማለትም ከባለ 100ው ሁለት መስመር ነው። አንዱን መስመር በወረቀቱ መሐል አንጠባጥቡ፣ ይድረቅ፣ ሁለተኛውን ድገሙ። በአንዴ ከጨመራችሁት ከወረቀቱ ሥር ወጥቶ ፎይሉ ላይ ይቀራል። ከ100ው ፈሳሽ ሁለት መስመር የጠጣ ወረቀት 2 ሚሊ ግራም ይይዛል፤ ከ50ው 1፣ ከ25ው ግማሽ። መርፌውን መምህሩ ይያዝ፤ ያገለገለው ወፍራም ፕላስቲክ ጠርሙስ ውስጥ ይጣል።

ባዶው ወረቀት እንዲሁ ይዘጋጃል፦ ሁለት መስመር 70 በመቶ አልኮል፣ በሁለት ጊዜ፣ በዚያው ፎይል ላይ፣ ለዚያው ያህል ሰዓት ደርቆ። «ባዶ ነው፣ ምን ያደርጋል» ተብሎ ከእሽጉ የወጣ ደረቅ ወረቀት ከተቀመጠ ምንም አይመሰክርም። የምስክርነቱ ዋጋ ከጭማቂው በቀር ሁሉን ነገር ከሌሎቹ ጋር መካፈሉ ነው። የአልኮል ሽታ ፈጽሞ እስኪጠፋ ቢያንስ አንድ ሰዓት አድርቁ።

ሌላው ማነጻጸሪያ የታወቀ መድኃኒት የያዘ ወረቀት ነው፤ ጄንታማይሲን 10 ማይክሮ ግራም ወይም ቴትራሳይክሊን 30 ማይክሮ ግራም ከላቦራቶሪ ዕቃ አቅራቢ በእሽግ ይገዛል። ከፋርማሲ ካፕሱል ገዝቶ መበጥበጥ አይመከርም፤ በመጠኑ አትተማመኑበትም፣ ትርፉም ቦይ ይገባል። እሽጉ ካልተገኘ አሥር እጅ የቀጠነ በረኪና አስቀምጡ፤ ዘዴው መሥራቱን ያሳያል፣ ከመድኃኒት ጋር ግን አያወዳድርም።

መዝራት

ከአንድ ቀን ያልበለጠ የባክቴሪያ ዘር በመዝሪያ ሽቦ ጫፍ ትንሽ ወስዳችሁ 5 ሚሊ ሊትር የመከነ የጨው ውሃ ውስጥ አሟሙ፤ የጨው ውሃው በ100 ሚሊ ሊትር 0.85 ግራም ጨው ነው። ሽቦው ከነበልባል እንደወጣ ከገባ ዘሩን ጠብሶ ይገድለዋል፤ 15 ሴኮንድ ይቀዝቅዝ።

ድፍርስነቱ የሚለካው ማክፋርላንድ 0.5 በሚባለው ማነጻጸሪያ ነው፤ ከኬሚስትሪ ክፍል ይሠራል። 1 ሚሊ ሊትር ሰልፈሪክ አሲድ 99 ሚሊ ሊትር ውሃ ውስጥ መምህሩ ይጨምራል፤ አሲድ ወደ ውሃ እንጂ ውሃ ወደ አሲድ አይጨመርም። ከዚህ 9.95 ሚሊ ሊትር ወስዶ 1.175 በመቶ ከሆነ የባሪየም ክሎራይድ ፈሳሽ 0.05 ሚሊ ሊትር ይጨምርበታል፤ በባለ 100ው መርፌ አምስት መስመር ማለት ነው። ባሪየም መርዝ ስለሆነ ቱቦው በደንብ ይታሸግ። ነቅንቃችሁ ከባክቴሪያው ቱቦ ጎን ያዙት፤ ጥቁር መስመር የተሰመረበት ነጭ ወረቀት ከኋላ አድርጉ። መስመሩ በሁለቱም ቱቦ እኩል ደብዝዞ ከታየ በሚሊ ሊትር 150 ሚሊዮን ያህል ባክቴሪያ አለ። ዘሩ ከወፈረ ቀለበቱ ይጠብባል፣ ከሳሳ ይሰፋል፤ ሁለት ቡድን በአንድ ቅጠል የተለያየ ውጤት ሲያመጣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ይኸ ነው።

የመከነ የጥጥ ስዋብ ነክራችሁ ከቱቦው ግድግዳ ጋር ጨመቅ አድርጉት። አጋሩን ከዳር እስከ ዳር ቀቡ፤ ሳህኑን 60 ዲግሪ አዙራችሁ ሁለተኛ፣ ደግሞ አዙራችሁ ሦስተኛ ጊዜ፤ በመጨረሻ ዙሪያውን። ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይምጠጥ። ከዚያ አምስት ወረቀት በወረንጦ ይቀመጣል፦ 100፣ 50፣ 25፣ ባዶውና መድኃኒቱ። ነጭ ሽንኩርቱ ላይ ደግሞ ያልቀጠነው፣ ግማሹና ሩቡ። ከሳህኑ ዳር 15 ሚሊ ሜትር፣ እርስ በርስ ቢያንስ 24 ሚሊ ሜትር ይራራቁ። በወረንጦው ጫፍ ጫን በሉት፤ ካልተጫነ ሳህኑ ሲገለበጥ ክዳኑ ላይ ይወድቃል። አንዴ አጋሩን የነካ ወረቀት አይነሣም፤ ጭማቂው ወዲያው መስረግ ስለሚጀምር ሁለት ግማሽ ቀለበት ይሠራል። ምልክቱን ከክዳኑ ሳይሆን ከሳህኑ ሥር ጻፉ፤ ክዳን ይለዋወጣል።

ክዳኑን በአራት ቦታ በፕላስተር ያዙት፤ ዙሪያውን አትለጉሙት፣ አየር ሲያጣ ያልተፈለጉ ጀርሞች ይመቻቸዋል። ከ15 ደቂቃ በኋላ ገልብጣችሁ ወደ ሙቀት።

ማሞቅ

ሙቀቱ ከ28 እስከ 30 ዲግሪ ይሁን። 37 የሰው ገላ ሙቀት ነው፤ በስሕተት የገባ በሽታ አምጪ ቢኖር የሚደላው እዚያ ነው። የፎም ሣጥን ውስጥ 25 ዋት የድሮውን ዓይነት አምፖል፣ ፎይል ጋርዳችሁበት፣ ከሳህኖቹ ራቅ አድርጉ። ኤልኢዲ አምፖል አያሞቅም። ቴርሞሜትሩን ከሳህኖቹ መሐል አኑሩና ሳህን ከመግባቱ በፊት አንድ ሌሊት ፈትሹት፤ የታኅሣሥና የጥር ሌሊት ሣጥኑን ከምትገምቱት በላይ ያቀዘቅዘዋል። መብራት ከጠፋ ሙቅ ውሃ የሞላ ሃይላንድ ጠርሙስ ከትታችሁ ሣጥኑን በጋቢ ሸፍኑት። 24 ሰዓት ይበቃል፤ ሙቀቱ ወርዶ ከነበረ እስከ 48።

ማንበብ

ሳህኑ አይከፈትም። ከሥሩ፣ ጥቁር ነገር ላይ አድርጋችሁ፣ ወረቀቱን ጨምሮ የቀለበቱን ዲያሜትር በሁለት አቅጣጫ ለኩ። ምንም ቀለበት ከሌለ ውጤቱ 6 ሚሊ ሜትር እንጂ ዜሮ አይደለም። ሦስቱ ሳህኖች ለምሳሌ 11፣ 12፣ 10 ቢሰጡ አማካዩ 11 ነው፤ ሦስቱንም ቁጥር ጻፉ።

ከቅጠሉ በፊት የሚነበቡ ነገሮች አሉ። ምንም ያልተዘራበት ሳህን ላይ የበቀለ ነገር ካለ ማምከኑ አልተሳካም። ባክቴሪያ ብቻ ያለበት ሳህን ካልሸፈነ ዘሩ ሞቷል ወይም ቀዝቅዞበታል። የመድኃኒቱ ወረቀት ቀለበት ከሌለው ዘዴው አልሠራም። ባዶው ወረቀት 6 ብቻ መሆን አለበት። እሱ 9፣ ግራዋው 10 ካሳየ የግራዋው ውጤት 10 አይደለም፤ አልኮሉ አልደረቀም፣ ሥራው ይደገማል። «ከ10 ላይ 9 ቀንሰን 1 አገኘን» የሚል ሪፖርት ተቀባይነት የለውም፤ ቀለበት እንዲህ አይቀናነስም።

ሌላው ወጥመድ ዕፅዋትን እርስ በርስ ማወዳደር ነው። የጦስኝና የባሕር ዛፍ ዘይት ከውሃ ጋር ስለማይስማማ አጋር ውስጥ ሩቅ አይሄድም። ትንሽ ቀለበቱ የድካም ሳይሆን የመሄድ አለመቻል ሊሆን ይችላል። ሳትፈሩ ማወዳደር የምትችሉት የአንዱን ተክል 100፣ 50 እና 25 ነው፤ መጠኑ ሲቀንስ ቀለበቱም ከቀነሰ ከቅጠሉ የመጣ መሆኑን ያጠነክራል። እርድ ከሞከራችሁ ቢጫ ጥላውም ቀለበት ይመስላል፤ ባክቴሪያው ከቢጫው ሥር መኖር አለመኖሩን ወደ ብርሃን አንሥታችሁ ካላያችሁ አትለኩት። ከወረቀቱ ሥር የሻገተ ወይም ሌላ ዓይነት ነገር ከወጣ ዱቄቱ ራሱ የአፈር ስፖር ይዞ መጥቷል።

ሪፖርቱ ላይ «በዚህ ባክቴሪያ ላይ፣ በዚህ መጠን፣ ይህን ያህል ቀለበት» ከሚለው አትለፉ። በረኪናም እኮ ቀለበት ያሳያል፤ ማንም ግን አይጠጣውም።

ማስወገድ

መስታወት ሳህኖች ከነፕላስተራቸው ኩከር ገብተው እንደ አጋሩ ጊዜያቸውን ይቆያሉ፤ ከዚያ በኋላ ነው የሚታጠቡት። የፕላስቲኮቹ ስለሚቀልጡ በጠንካራ ፌስታል ተቋጥረው ይግቡ። ኩከር ለዚህ የማይሰጥ ከሆነ መምህሩ ጓንት አድርጎ ሳህኖቹን አሥር እጅ በቀጠነ በረኪና ውስጥ ይከፍታቸዋል፤ ሙሉ በሙሉ ጠልቀው 24 ሰዓት ይቆያሉ። በረኪናው ከአልኮል ወይም ከአሲድ ትርፍ ጋር በአንድ ባልዲ አይገናኝ፤ መርዛማ ጋዝ ይወጣል። ጠረጴዛው በ70 በመቶ አልኮል፣ እጅ በሳሙና። ለሙከራው የዋለ ኩከርም ወደ ወጥ ቤት አይመለስም፤ «የላቦራቶሪ» ብላችሁ በቀለም ጻፉበት።